ገና ነው ይላል

ሪንከቢ፣ ስቶክሆልም
እሑድ፣ ኅዳር 1 ቀን 2000 ዓ.ም.
በዚህ አገር አቆጣጠር ኖቬምበር 2007

ለምወድሽና ለማከብርሽ አበልጄ፣

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ እያልኩ እጀምራለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የቢሮውን ደረጃ ስታጸጂ የሚነዝርሽ ጉልበት ብርድ ሲገባ እንደሚብስበት አውቃለሁና ቅባቱን እንዳትረሺው። እኛ ደህና ነን። ምኞት ትንሽ አስሏት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል። እንደ ወጉ ቢሆን እዚህ ላይ «ከናፍቆትሽ በስተቀር» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። ነገር ግን ሐሙስ ዕለት ልጄን ከትምህርት ቤት አምጥተሽልኝ በር ላይ ተያይተናል፤ ሁለት መግቢያ አልፌ ብመጣ ደጅሽ ነው። ምን ብዬ ናፈቅሽኝ ልበል?

ይህች ሴት ምን ነካት፣ ጎረቤት ሆና ደብዳቤ ትጽፋለች ትዪ ይሆናል። በአፌ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬያለሁ። አንዴ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ቱነልባና ውስጥ አጠገብሽ ተቀምጬ ጀመርኩና ባቡሩ ሲቆም ስለ ድንች ዋጋ አወራሁልሽ። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ። አንዴ እቤትሽ፤ ያን ቀን እንዲያውም «ምነው ፊትሽ ገረጣ» ብለሽ ሻይ አፍልተሽ ስኳሩን ራስሽ ጨምረሽልኝ፣ ሻዩን ጠጥቼ ወጣሁ። ፊትሽን እያየሁ እንደማልችለው ስለገባኝ ነው ወረቀት የያዝኩት። በአማርኛ የጻፍኩትም ማንም ሳያነብልሽ ራስሽ እንድታነቢው ነው።

ምኞትን ክርስትና ያነሳሽልኝ ጊዜ ሁለታችንም ከስደተኞች ካምፕ ከወጣን ዓመት አልሞላንም ነበር። አበልጅ ሆነናልና ከዛሬ ጀምሮ አንቱ እንባባል ብለን፣ ሳምንት ሳይሞላን በሳቅ ፈረሰብን። አንቱታው ቢቀርም ሌላው አልቀረም። የልጄ አባት ሎንደን ደርሼ ልምጣ ብሎ ሲቀር ልጄን ያሳደግሽልኝ አንቺ ነሽ። እኔ ደግሞ በምላሹ አንድ ነገር ብቻ አደርግልሽ ነበር፤ አነብልሽ ነበር። ስዊድንኛውን ሲናገሩ ትሰሚያለሽ፣ ትመልሻለሽ፣ ከአለቃሽ ጋር ትከራከሪያለሽ። ፊደሉ ነው እንቢ ያለሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ፖስታ ሁሉ በፌስታል ይዘሽ ትመጫለሽ፣ አንቺ ሽንኩርት ትከትፊያለሽ፣ እኔ አንድ በአንድ እየቀደድኩ ምን እንደሚል እነግርሻለሁ። አንድም ቀን «እስቲ ድገሚው» ብለሽኝ አታውቂም። የሰማሽውን ይዘሽ ወረቀቱን አጣጥፈሽ ወደ ፌስታሉ ትመልሻለሽ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ፤ እንዳልሸሽ ከመጀመሪያው ልነሳ።

በፈረንጆቹ 2005 በጋ ላይ እህትሽ ያለምወርቅ ቦሎኛ ውስጥ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሶ ወደቀች። ሃያ ሁለት ዓመት የጣሊያን ባልቴቶችን ስታስታምም የኖረች ሴት ራሷ አስታማሚ ፈለገች። ቀኝ እጇ ሰነፈ፤ ከሁሉ የከፋው ግን ጣሊያንኛዋ መጥፋቱ ነው። ሐኪሞቹ ያጋጥማል፣ በልጅነቷ የተማረችው ቋንቋ ብቻ ቀርቶላታል አሉ። ውኃ ስትለምን መስኮት የሚከፍቱላት፣ መስኮት ዝጉልኝ ስትል ትራስ የሚያመጡላት ሰዎች መሀል ተኛች። አንቺም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበረሽም። አጠገቧ ሆኜ፣ እዚያው ሥራ ይዤ፣ ቀኗን ከሰው ጋር እያወራች ትጨርስ፤ ይህን ብቻ ነበር የምትዪው።

ያኔ ነው አንዲት ቦሎኛ የምትኖር የአገር ልጅ ስለ አዲሱ ትእዛዝ በስልክ የነገረችሽ። የአውሮፓ ኅብረት ዲሬክቲቭ የሚሉትን አውጥቷል፤ በአንዱ አባል አገር አምስት ዓመት በፈቃድ የኖረ የውጭ ሰው፣ ዜግነት ባይኖረውም፣ ወደ ሌላው አባል አገር ሄዶ ሠርቶ መኖር እንዲችል። እያንዳንዱም አገር እስከ ጃንዋሪ 2006 ድረስ ይህን በራሱ ሕግ ውስጥ እንዲያስገባ ቀን ተቆርጦለታል። አንቺ ቋሚ ፈቃድ ካገኘሽ አምስት ዓመት ሞልቶሽ ነበር። ለዜግነቱ ግን የማንነት ወረቀት ስለሌለሽ ስምንት ዓመት ጠብቂ ተብለሻል። ትእዛዙ በልክሽ የተሰፋ ልብስ ነበር።

ለኢሚግሬሽኑ መሥሪያ ቤት የደወልኩት እኔ ነኝ፤ አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ። ማሽኑ አሥራ አራተኛ ተራ ላይ ነሽ አለኝ። በመጨረሻ ያነሳው ሰውዬ ትሁት ነበር። ትእዛዙም እውነት ነው፣ ቀኑም እውነት ነው፣ ስዊድን ግን ገና በሕጓ አላስገባችውም አለ። አጥኚ ተሹሞ አጥንቷል፣ ጥናቱ ለአስተያየት ተልኳል፣ ከዚያ ረቂቅ ይሆናል፣ ረቂቁ ለምክር ቤቱ፣ ለሪክስዳግ ይቀርባል፤ በጃንዋሪ የሚደርስ አይመስለኝም አለ። እስከዚያው ማመልከቻ አስገቡ፣ ሕጉ ሲጸና እንጽፍላችኋለን አለ። አውቶቡስ ሁለት ደቂቃ ቢዘገይ ሰዓቱን የሚያይ አገር ለሕግ ሲሆን ወር አይቆጥርም ብዬ ቀለድኩልሽ፤ አንቺም እያለቀስሽ ሳቅሽ።

አበልጄ፣ የመጀመሪያው ኃፍረቴ እዚህ ላይ ነው። ስልኩን ስዘጋ ደስ ብሎኝ ነበር። አገሪቱ በመዘግየቷ ደስ አለኝ። ያን ወር ሶለንቱና ከተማ የረዳት ነርስነት ኮርስ ጀምሬ ነበር፤ ምኞት ገና ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንቺ ከሄድሽ ከትምህርት ቤት የሚያመጣት፣ እስክመጣ የሚያበላት ሰው አልነበረኝም። ከዚያም በላይ፣ ልጄንም ተይው፣ እኔ ራሴ ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም። ያን ቀን ይህን ነግሬሽ ብሆን ኖሮ ምናልባት ራስሽ መላ ትፈጥሪልኝ ነበር። አልነገርኩሽም። የስዊድን መዘግየት ይበቃኛል አልኩ።

ጃንዋሪ መጣ፣ አለፈ። ደወልኩ፤ ገና ነው አሉ። ፌብሩዋሪ ላይ ደወልኩ፤ ገና ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነበር፣ በዚህ አልዋሸሁሽም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፌስታልሽን አስቀምጠሽ ገና ሳትቀመጪ ዓይኔን ታዪ ነበር፣ እኔም «ገና ነው» እል ነበር። ቃሉን ስል ስል አፌ ለመደው።

ከዚያ ሜይ ላይ ያ ደብዳቤ መጣ። ቅዳሜ ነበር፣ ዶሮ ልትሠሪ ሽንኩርት እየከተፍሽ ነበር። ያኔ ላነብልሽ ይገባኝ የነበረውን አሁን እንደ ተጻፈው ልንገርሽ። የሚለው እንዲህ ነበር፤ ያመለከቱበት ሕግ አሁን ጸንቷል፣ ጉዳይዎ ሊታይ ይችላል፣ የተያያዘውን ቅጽ ሞልተው የደመወዝና የቤት ኪራይ ማስረጃ አክለው በስድስት ሳምንት ውስጥ ይመልሱ፣ ስለጠበቁን እናመሰግናለን። ይህ ብቻ ነው። አራት መስመር።

ሁለት ጊዜ ለራሴ አነበብኩት። አንቺ ከሽንኩርቱ ቀና ብለሽ ምን ይላል አልሽኝ። ገና ነው ይላል አልኩሽ። እንዲህ በቀላሉ። አስቤበት አይደለም ብልሽ አታምኚኝም፣ እኔም ራሴን አላምንም። ለምዶ የነበረው አፌ ቀድሞኝ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን መመለስ እችል ነበር፤ አልመለስኩትም። አንቺ «እሺ፣ ምን ይደረጋል» ብለሽ በክንድሽ ዓይንሽን ጠረግሽ። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ለራሴም ቀን ቆረጥኩ። ኮርሱ ዲሴምበር ላይ ያልቃል፣ ያኔ እነግራታለሁ፣ ያኔ አብረን እንሞላዋለን፣ ስድስት ወር ምን አለው ብዬ። ስድስት ሳምንቱ አለፈና ማሳሰቢያ መጣ፤ እሱንም ገና ነው ይላል አልኩሽ። በጋ ላይ ማመልከቻው መዘጋቱን የሚገልጽ መጣ፤ እሱን ደግሞ የቤት አከራዩ ስለ ልብስ ማጠቢያው ክፍል የላከው ነው አልኩሽ። ስዊድን እንኳ ሦስት ወር አርፍዳ ሕጉን አስገባች። እኔ ለራሴ የቆረጥኩትን ቀን አሳለፍኩ፣ ሌላ ቆረጥኩ፣ እሱንም አሳለፍኩ።

ከዚህ የባሰ አለ፣ እሱንም ልጻፈው። ጁላይ ላይ ልትጠይቂያት ቦሎኛ ስትሄጂ የበጋውን ሦስት ወር አብሬያት ልሁን፣ ከሥራም ያለ ደመወዝ ፈቃድ እወስዳለሁ አልሽኝ። ለእንግድነት ሦስት ወር ትችዪ ነበር። እኔ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየሽ ሕጉ ሲመጣ ጉዳይሽን ያበላሽብሻል አልኩሽ። አመንሽኝ። ሁለት ሳምንትሽን ቆጥረሽ ተመለስሽ። ያለምወርቅ ከበሩ ስትወጪ ቀሚስሽን ይዛ ነገ ከገበያ ስትመለሺ ሎሚ አምጪልኝ እንዳለችሽ፣ የት እንደምትሄጂ እንዳልገባት ነገርሽኝ። እኔ ይህን እየሰማሁ እንጀራ ቆርሼ አጎረስኩሽ።

ዲሴምበር ላይ ተመረቅኩ። አበባ ይዘሽ መጣሽ። ዛሬ እነግራታለሁ አልኩ፣ አበባሽን ውኃ ውስጥ አስቀምጬ ከገና በኋላ ይሻላል አልኩ። ገናው በገባ በሁለተኛው ቀን፣ ጃንዋሪ 9፣ ከቦሎኛ ተደወለ። ነርሶቹ ሌሊቱን ሙሉ ስትናገር እንደነበር፣ ምን እንደምትል ግን የገባው ሰው እንዳልነበረ ነገሩሽ።

ለቅሶሽ ላይ እኔ ነበርኩ ፍራሹን ያነጠፍኩት፣ እኔ ነበርኩ ሰውን የተቀበልኩት። ሊያጽናናሽ ለመጣው ሁሉ አንድ ነገር ትዪ ነበር፤ እህቴን የገደላት በሽታው አይደለም፣ የዚህ አገር ሕግ መዘግየት ነው። የማኅበራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ዓለሙ ነገሩ አንገበገባቸውና ለመንግሥት አቤቱታ መጻፍ አለበት፣ ሌላው ወገናችን እንዲህ እንዳይሆን አሉ። ስዊድንኛውን አሳምሮ የሚጽፍ ማን ነው ተባለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እሺ አልኩ። ጻፍኩትም፤ ሁለት ገጽ፣ ስዊድን የተቆረጠላትን ቀን አሳልፋ የሰው ሕይወት እንዳስጠፋች የሚገልጽ። እንደዚያ ያለ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም፣ ጋሽ ዓለሙ እንድተረጉምላቸው ጠይቀው ሲሰሙ እንባቸው መጣ። ደብዳቤውን አልላክሁትም። እንዴት ልልከው? ሕጉ ከጸና ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ጋሽ ዓለሙ መልስ መጣ ወይ እያሉ ሲጠይቁኝ የምላቸውን ታውቂዋለሽ። ገና ነው እላቸዋለሁ።

ከዐቢይ ጾም ወዲህ ፌስታሉን ይዘሽ አልመጣሽም። አንዴ ጠይቄሽ ማስታወቂያ እንጂ ቁም ነገር የለውም አልሽኝ። ሐዘኑ ነው ብዬ ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር ተገላገልኩ። ልጄን ከማምጣት ግን አንድም ቀን አልቀረሽም። በዝናቡም፣ በበረዶውም፣ ጉልበትሽ ሲያምሽም በሰዓቱ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ነበርሽ።

ሐሙስ ማታ ከምኞት ትምህርት ቤት የመጣ ወረቀት እያነበብኩ ጽሑፉ ደቀቀብኝ ብዬ አጉረመረምኩ። ልጂቱ እንደ ልማዷ በስዊድንኛ ለእኔ ስጪኝ አለችኝ። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንኳ ማንበብ እችላለሁ፣ የክርስትና እናቴን ፖስታዎች በሙሉ ያነበብኩላት እኔ ነኝ አለች። መቼ ነው ያነበብሽላት አልኳት። ሰዎቹ መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው የሚያለቅሱ ጊዜ ነዋ አለችኝ። አንድ ቀን ሰዉ ሲሄድ ፌስታሉን አውጥተሽ፣ ነይ ትምህርት ቤት እንጫወት፣ አንቺ ተማሪ ሁኚ፣ እኔ አስተማሪ ብለሻታል። ያኔ ማንበብ ከጀመረች ግማሽ ዓመት አይሆናትም። ቃሉን እየሰባበረች፣ ትርጉሙ ሳይገባት፣ በድምፅ አንብባልሻለች። ከአንዱ በቀር ሁሉንም አንድ አንድ ጊዜ ነው ያነበበችው። አንዱን ግን ሦስት ጊዜ አስነበብሻት። አጭር ነበር፣ አራት መስመር አለች። ከዚያ ምን አለችሽ አልኳት። ጎበዝ አለችኝ፣ ብርቱካን ልጣልኝ ሰጠችኝ፣ ፀጉሬንም ሠራችልኝ አለች።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ልጂቱ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ፣ ጽሑፉ ዓይኔን አሳመመኝ አልኳት። ለእሷም ዋሸሁ ማለት ነው።

ሐሙስ ማታ ምኞት ባትናገር ኖሮ ይህን ደብዳቤ እጽፍ ነበር ወይ? አላውቅም፤ የምጽፍ አይመስለኝም። ይቅርታ የምለምንበት አፍ የለኝም። ላለመጻፍ ምክንያት ፈልጌ ስላጣሁ ብቻ ነው የጻፍኩት። ያለምወርቅን በሌላ አገር ቋንቋ መሀል ለብቻዋ ያስተኛኋት እኔ ነኝ፤ አገሪቱ አይደለችም። ይህን ለጋሽ ዓለሙም፣ ለማኅበሩም በሚቀጥለው እሑድ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሰው ቢያየኝ ባያየኝ ግድ የለም።

ቅጹን አዲስ አውጥቼ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ያ መብት ዛሬም አለሽ፤ መቃብሯ አጠገብ መኖር ብትፈልጊም፣ ወደ ሌላ ብትሄጂም ያንቺ ነው። አንድም ቦታ በእጄ አልነካሁትም። የምታምኚው ሰው ያንብብልሽ። ለምኞት ትምህርት ቤትም ዓርብ ተናግሬያለሁ፣ ከነገ ጀምሮ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እዚያው ትቆያለች፣ እኔም የሥራ ሰዓቴን አስቀይሬያለሁ። ለሁለት ዓመት የማይቻል ይመስለኝ የነበረው ነገር በአንድ ስልክ አለቀ። አንቺ እንድትመጪላት አልጠይቅም፣ አትምጪም አልልም። ልጅሽ ናት።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የያለምወርቅ አርባ ፌብሩዋሪ ላይ በማኅበሩ ምድር ቤት አዳራሽ ነበር። ጋሽ ዓለሙ ጸሎቱን እንዳሳረጉ ከተቀመጥሽበት ተነሳሽ። ለመጡት ሁሉ አመሰገንሽ። ከዚያ እኔን ከምግቡ አጠገብ ጠርተሽ በሰው ፊት አቆምሽኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ደብዳቤዬን ያነበበችልኝ አበልጄ ናት አልሽ። እጅሽን ትከሻዬ ላይ አድርገሽ፣ እሷ ለእኔ እንዳነበበችልኝ፣ በፍርድ ቀን እግዚአብሔርም የእሷን እንዲሁ ያንብብላት ብለሽ መረቅሽኝ። አዳራሹ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ፣ ከሰው ሁሉ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ። የእህትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልሽ። በሄድሽበት ሁሉ ቋንቋሽን የሚሰማ ሰው አያሳጣሽ። ለእኔ አትጸልዪልኝ፤ ያልሽው ይበቃኛል።

የምኞት እናት